አዲስ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አዲስ ሥራ ይዞት ስለሚመጣው ጭንቀትና ስለ ሕክምናው የተጻፉትን ለብቻ አውጥተን መልስ ሰጥተንባቸዋል። ረዣዥሞቹን አሳጥረናል፤ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚገልጥ ነገርም አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ ሥራ ከቀየርኩ ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብንን እላለሁ፤ ከዚያ እስኪነጋ በማግስቱ የምሳሳተውን ሳሰላስል ነው የማድረው። አንዲት አጭር ኢሜይል ለመላክ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። እህቴ «አዲስ ስለሆንሽ ነው፣ ስትለምጂው ይለቅሻል» ትለኛለች። እውነት ይለቀኛል ወይስ ባለሙያ ዘንድ ልሂድ?

መልስ፦ እህትዎ ያሉት ለብዙ ሰው ይሠራል። ሰዎቹ አዲስ፣ አሠራሩ አዲስ፣ ከእርስዎ የሚጠበቀው ገና ያልጠራ በሆነበት ጊዜ አእምሮ ነቅቶ መቆየቱ ያለ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ጭንቀት ግን ሥራው እየታወቀ ሲሄድ ሳምንት በሳምንት ይቀንሳል። ስለዚህ በዋናነት መጠየቅ ያለብዎት «ምን ያህል እጨነቃለሁ?» ሳይሆን «ካለፈው ሳምንት በዚህ ሳምንት እየቀነሰ ነው ወይስ እየባሰ?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ምልክት ያቺ ኢሜይል ናት። ደጋግሞ ማንበብ ጥንቃቄ ይመስላል። በእያንዳንዱ ንባብ ጭንቀቱ ለጥቂት ደቂቃ ጋብ ስለሚል ግን አእምሮ «ያልተሳሳትኩት ደጋግሜ ስላየሁ ነው» የሚል ትምህርት ይወስዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ጊዜ ማንበብ አይበቃም፣ አምስት ይሆናል። ስብሰባ ላይ ዝም ማለት፣ ስልክ ሲጠራ ሌላ ሰው እስኪያነሣው መጠበቅ፣ አለቃን ላለመጠየቅ ሥራን ማዘግየት ሁሉም የዚሁ ዘር ናቸው። ጭንቀት ሥር የሚሰደው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ መሸሽ ከጀመሩ በራሱ ጊዜ ይለቀኛል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ራስዎን ለመለካት ጂኤዲ-7 የሚባለውን ቅጽ ይጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ ሐኪሞች በብዛት የሚሠሩበት ቅጽ ነው። ያለፉትን 2 ሳምንታት በሚመለከቱ 7 ጥያቄዎች ይጠይቃል፦ መረበሽ፣ ሐሳብን መግታት አለመቻል፣ ስለ ብዙ ነገር ከመጠን በላይ መጨነቅ፣ መዝናናት አለመቻል፣ መቁነጥነጥ፣ ቶሎ መቆጣት፣ ክፉ ነገር ይመጣል የሚል ፍርሃት። ለእያንዳንዱ ከ0 (ፈጽሞ የለም) እስከ 3 (በየቀኑ ማለት ይቻላል) ይሰጣሉ፤ ድምሩ ከ21 ይታሰባል። ከ5 ጀምሮ ቀላል፣ ከ10 ጀምሮ መካከለኛ፣ ከ15 ጀምሮ ከባድ ይባላል። 10 እና ከዚያ በላይ ካመጡ ቀጠሮ ይያዙ። ቅጹ ለማጣሪያ እንጂ የበሽታ ስም ለመስጠት አይደለም፤ ቢሆንም ቁጥሩን ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡት፣ በኋላ መሻሻልዎን የሚያነጻጽሩበት መነሻ ይሆናል።

አንዳንዶች «አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ለመባል 6 ወር መቆየት አለበት» የሚለውን አንብበው ይጠብቃሉ። ያ መስፈርት ሐኪሙ ለሕመሙ ስም የሚሰጥበት ነው፤ እርዳታ ለመጠየቅ 6 ወር መሰቃየት የለብዎትም።

ከቴራፒው (ከንግግር ሕክምናው) ጎን አንድ ጊዜ ጠቅላላ ሐኪም ይይዎት። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የደም ማነስና የልብ ምት መዛባት ጭንቀት መስለው ይመጣሉ፤ የእንቅርት ሆርሞንና የደም ሴል ቆጠራ ምርመራ ብዙውን ያጠራል። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ደግሞ «ጭንቀት ነው» ብለው ራስዎ አይደምድሙ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ አጠገብዎ ላለ ሰውም ይንገሩ።

ጥያቄ፦ የአእምሮ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ አማካሪ ሲባል ይምታታብኛል። ለእኔ ዓይነቱ የሥራ ጭንቀት ወደ የትኛው ልሂድ? ጥሩውንስ በምን እለያለሁ?

መልስ፦ የአእምሮ ሐኪም ወይም ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ጤና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በንግግር ሕክምና፣ ማለትም በቴራፒ የሠለጠነ ነው፤ በአብዛኛው ቦታ መድኃኒት አያዝም። አማካሪ ወይም ካውንስለር የሚለው ስም ግን ሰፊ ነው። የዓመታት ሥልጠና ያለውም የጥቂት ሳምንት ኮርስ የወሰደውም በዚሁ ስም ይሠራሉ። ስለዚህ ምን እንደተማረ፣ የት እንደተመዘገበና ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲጠየቅ ቅር አይለውም።

ጭንቀቱ ከሥራው ጋር የመጣ ከሆነና ቀኑን እንደምንም የሚወጡት ከሆነ በሲቢቲ፣ ማለትም በአስተሳሰብና በባህርይ ሕክምና ከሠለጠነ ባለሙያ ይጀምሩ። ለጭንቀት ብዙ ጥናት የተደረገበትና ውጤቱ የታየው እሱ ነው። እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ምግብ አልበላ ካለ፣ ተስፋ መቁረጥ ከተጨመረ፣ መጠጥ ወይም ሌላ ነገር ማስታገሻ ከሆነ፣ ወይም ቀደም ሲል የአእምሮ ሕመም ከነበረ ግን መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ይይዎት።

ብዙ ባለሙያዎች ከቀጠሮ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በስልክ ያነጋግራሉ። ያችን ጊዜ ታሪክ በመተረክ አይጨርሷት። «አዲስ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ስብሰባ ላይ መናገር አቅቶኛል» ካሉ ይበቃል። ከዚያ እርስዎ ይጠይቁ፦ «ለጭንቀት በየትኛው ዘዴ ነው የሚሠሩት? ከቀጠሮ ቀጠሮ ድረስ ራሴ የምሠራው ነገር ይኖራል? መሻሻሌን በምን ይለካሉ? ስንት ጊዜ መምጣት ያስፈልገኝ ይሆን? ቀጠሮ ብሰርዝ ከስንት ሰዓት በፊት ላሳውቅ?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን 24 ወይም 48 ሰዓት ቀድመው ካላሳወቁ ሙሉ ክፍያ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፣ አዲስ ሥራ ላይ ደግሞ ድንገተኛ ስብሰባ አይጠፋም።

መልሱን ሲሰሙ «እንደ ሁኔታው እናያለን» ብቻ ከሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ። «የሚያስጨንቁዎትን ሁኔታዎች ዘርዝረን፣ ከቀላሉ ጀምረን፣ በየሳምንቱ አንድ ነገር እየሞከርን እንሄዳለን» ዓይነት መልስ ከሆነ ደህና ምልክት ነው። በአንድና በሁለት ቀጠሮ አድንዎታለሁ የሚል፣ በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ይልቀቁ የሚል ወይም ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት ይጣሉ የሚል ሰው ዘንድ አይመለሱ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ በአመዛኙ መጠይቅ ስለሆነ ከእሱ እፎይታ አይጠብቁ። ጭንቀቱ መቼ እንደጀመረ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ በቀን ስንት ቡና እንደሚጠጡ፣ ያለፈውን ሳምንት የእንቅልፍ ሰዓትዎን እና ሁለት የተለዩ አጋጣሚዎችን («ማክሰኞ አለቃዬ ሲጠራኝ» ዓይነት) በወረቀት ይዘው ይሂዱ። ከተጨነቀ ሰው አፍ በቃል የሚወጣው «ሁሌም፣ ሁሉም ነገር» የሚል ነው፤ በዚያ ደግሞ ሕክምና ማቀድ ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። በየሳምንቱ ለቴራፒ ከቢሮ መውጣት እንዴት ይሆናል? መሥሪያ ቤቱ ነጻ የምክር አገልግሎት አለው፣ ግን ወሬው ሰው ኃይል ይደርሳል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ አንድ ቀጠሮ በተለምዶ 50 ደቂቃ ነው፤ መንገዱ ነው ቀኑን የሚበላው። የጠዋቱን የመጀመሪያ፣ የምሳ ሰዓቱን ወይም የመጨረሻውን የምሽት ቀጠሮ ይጠይቁ፤ ቀኑንና ሰዓቱን አይቀያይሩ። ከከባድ ስብሰባ በፊት ያለውን ሰዓት ግን ይተዉት፣ ቀጠሮ አንዳንዴ አድክሞ ይልካል። በቪዲዮ የሚሰጥ ሲቢቲም ለጭንቀት በአካል ከሚሰጠው ጋር የሚቀራረብ ውጤት አለው። ሆኖም በሩ የሚዘጋ ክፍል፣ የጆሮ ማዳመጫ እና መስመሩ ቢቋረጥ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ቀጠሮውን በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ወይም ኮምፒውተር አይያዙ።

ለአለቃዎ የሕመሙን ስም መንገር የለብዎትም። «በየሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት የሕክምና ቀጠሮ አለኝ፤ የማጎድለውን ሰዓት በዚያው ቀን ማታ እሞላለሁ» ማለት በቂ ነው። የሚሞሉበትን ሰዓት ራስዎ ይዘው መቅረብዎ ፈቃዱን ያቀለዋል። ከመጠየቅዎ በፊት ውልዎ ስለ ሙከራ ጊዜና ስለ ሕክምና ፈቃድ የሚለውን ያንብቡ፤ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል።

የመሥሪያ ቤቱን አገልግሎት በጭፍን አይተዉት፣ በጭፍንም አይመኑት። ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ፦ አማካሪው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው ወይስ የውጭ ድርጅት? ለድርጅቱ የሚላከው ሪፖርት ስም አለበት ወይስ ቁጥር ብቻ? በሂሳብ ወረቀቱ ወይም በኢንሹራንስ ቅጹ ላይ የሕመም ስም ይጻፋል? ስንት ጊዜ ይፈቀዳል? ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው ጥቂት ቀጠሮ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለሙሉ ሕክምና አይበቃም። ስለዚህ ሲያልቅ ወደማን እንደሚያስተላልፉዎት በመጀመሪያው ቀን ይወቁ፤ ነገሩን ከፍቶ መሐል ላይ ማቋረጥ ካለመጀመር የሚከፋበት ጊዜ አለ።

ባለሙያው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ግን ወሰን አለው። ሕይወትዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን፣ በሕፃን ላይ ጉዳት ሲደርስ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ሊናገር ይችላል። ይህን በመጀመሪያው ቀጠሮ ሳይጠየቅ ሊነግርዎት ይገባል።

ጥያቄ፦ በሳምንት አንዴ ባለሙያ ዘንድ እሄዳለሁ፤ የአሁኑ ስድስተኛዬ ነው። ስናወራ ይቀለኛል። በማግስቱ ቢሮ ስገባ ግን ያው ነኝ፤ ስብሰባ ላይ አፌን አልከፍትም። ባለሙያውን ልቀይር?

መልስ፦ የሆድን አውጥቶ መናገር ያሳርፋል፤ ዋጋም አለው። ስብሰባ ላይ ያለው ፍርሃት ግን የተማሩት ስብሰባ ላይ ስለሆነ የሚረሳውም እዚያው ነው። የቴራፒው ክፍል መዘጋጃ ነው፤ ዋናው ሥራ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያሉት ቀናት ላይ ይሠራል። ስለዚህ ከመቀየርዎ በፊት በሚቀጥለው ቀጠሮ በግልጽ ይንገሩት፦ «እዚህ ይቀለኛል፣ ቢሮ ግን አልተለወጠም። በየሳምንቱ የምሞክረው ነገር እንድናቅድ እፈልጋለሁ።»

ሙከራው ይህን ይመስላል። ከቀኑ በፊት በወረቀት ላይ ይጽፋሉ፦ «ሰኞ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። የምፈራው፦ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉም ዞረው ያዩኛል፣ አለቃዬ ይህን እንኳ አያውቅም ብሎ ያርመኛል። ይሆናል ብዬ የማምነው ከመቶ 80።» ከስብሰባው ሲወጡ ወዲያው የሆነውን ይጽፋሉ፦ «ድምፄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ሁለት ሰዎች አዩኝ። አለቃዬ መለሰልኝና ወደሚቀጥለው አለፈ።» ከዚያ እምነቱን እንደገና ይለካሉ። 80 የነበረው 50 ከሆነ ሙከራው ሠርቷል፤ እጅዎ ላብ በላብ ሆኖ የነበረ ቢሆንም ሠርቷል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተጻፈው ትንቢት በዓይን የሚታይ መሆን አለበት፤ «ይንቁኛል» ብለው ከጻፉ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጫ የለዎትም። ሌላው ከላይ መጀመር ነው፦ መናገር ያልቻለ ሰው ለሃያ ሰው ገለጻ ልስጥ ብሎ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ከዚያ «ሲቢቲ ለእኔ አይሆንም» ይላል። የሚያስፈሩዎትን ሁኔታዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚደረድር፣ ከ6 እስከ 8 ደረጃ ያለው መሰላል ይሥሩ። የመጀመሪያው እርከን ከ100 ፍርሃቱ 30 አካባቢ የሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ባልደረባን ስለ አሠራሩ መጠየቅ ይሁን። አንዱን እርከን አንድ ጊዜ አድርጎ ማለፍም አይበቃም፤ በሳምንቱ ውስጥ ደጋግመው ይሥሩት።

ከሁሉ ተደብቆ የሚያመልጠው ግን መከለያው፣ ማለትም ከፍርሃቱ ለመጠለል የምናደርገው ትንንሽ ነገር ነው። ሰውየው ተናግሯል፤ ግን ዓረፍተ ነገሩን ሌሊቱን ሙሉ ሸምድዶ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከማስታወሻው ሳያነሣ፣ እጁ መንቀጥቀጡ እንዳይታይ ኩባያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነው። ስብሰባው በሰላም ሲያልቅ አእምሮው ምስጋናውን ለኩባያው ይሰጣል። ስለዚህ መከለያዎቹን ዘርዝረው በየሙከራው አንድ አንዱን ይተዉ።

አንድ ነገር ግን ባለሙያውም እርስዎም መለየት አለባችሁ። አለቃው በእውነት የሚሳደብ ከሆነ ወይም ሥራው የሚጠይቀውን ሙያ ገና ካልያዙ፣ ፍርሃቱ የተሳሳተ አይደለም። የመጀመሪያው በመሥሪያ ቤቱ አሠራር፣ ሁለተኛው በሥልጠና ነው የሚፈታው። በደልን እንዲለምዱ የሚያደርግ ሕክምና ትክክል አይደለም።

ለጭንቀት የሚሰጥ ሲቢቲ በተለምዶ ከ12 እስከ 15 ቀጠሮ ይፈጃል፤ እስከ ስድስተኛው ድረስ ትንሽም ቢሆን ለውጥ መታየት ይጀምራል። ጂኤዲ-7ን በየሁለት ሳምንቱ ይሙሉ። ከነገሩት በኋላ ሁለት ሦስት ቀጠሮ አልፎ አሠራሩም ቁጥሩም ካልተለወጠ ይቀይሩ፤ ሲሄዱ የሕክምናውን ማጠቃለያ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ አዲሱ ባለሙያ ከዜሮ እንዳይጀምር።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ከሚወስደው የጭንቀት ኪኒን ሰጠኝና ለስብሰባ ወሰድኩት። በጣም ረዳኝ። ልቀጥልበት?

መልስ፦ አይቀጥሉ። የተሰጠዎት ምናልባት እንደ ዲያዜፓም፣ ሎራዜፓም ወይም አልፕራዞላም ያለ ነው። እነዚህ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያረጋጉ ይወደዳሉ፤ በየቀኑ ለሳምንታት ከተወሰዱ ግን ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ በድንገት ሲቆሙ ጭንቀቱ ብሶ ይመለሳል፣ የሚጥል መንቀጥቀጥም ሊያመጡ ይችላሉ። ከመጠጥ ጋር ሲሆኑ ትንፋሽን ያዳክማሉ፤ መኪና ለሚነዳና ማሽን ለሚያንቀሳቅስም አደገኛ ናቸው። ፕሮፕራኖሎል (የልብ ምትን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት) ከሆነ ደግሞ አስም ላለበት ወይም የልብ ምቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ጉዳት አለው። አስቀድመው በየቀኑ መውሰድ ጀምረው ከሆነ ግን ራስዎ በአንድ ጊዜ አያቁሙ፤ ሐኪም እየቀነሰ ያስቁምዎት።

ሐኪም ለቆየ ጭንቀት በመጀመሪያ የሚያዘው ብዙውን ጊዜ እንደ ሰርትራሊን ወይም ኢሲታሎፕራም ያለ ፀረ ድብርት መድኃኒት ነው። ሥራው የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና መረበሽ ሊጨምር ስለሚችል ብዙ ሰው «ባሰብኝ» ብሎ በአንደኛው ሳምንት ይጥለዋል፤ በዝቅተኛ መጠን መጀመር ይህን ያቀለዋል። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይመጣባቸው የቅርብ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ከተሻለም በኋላ ለወራት ይቀጥላል፣ የሚቆመውም ቀስ በቀስ ነው።

ጥያቄ፦ ቀጠሮ ያገኘሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንቅልፉን ይያዙ። ካፌይን ከደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የጠጡት ግማሹ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ አለ ማለት ነው። ከቀትር በኋላ ያለውን ይተዉ፤ በአንድ ቀን መቁረጥ ራስ ምታት ስለሚያመጣ በሳምንት ውስጥ ይቀንሱት። ሌሊት ነቅተው 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልተመለሰ ከአልጋ ይነሡ፣ ደብዛዛ ብርሃን ላይ የሚያሰለች ነገር ያንብቡ፣ ሲያንቀላፉ ይመለሱ። የመኝታ ሰዓት ቢዛባም የመነሻ ሰዓት አይዛባ። መጠጥ ያስተኛል፣ ግን ንጋት ላይ ጭንቀት ይዞ ያነቃል።

ለሐሳቡ በቀን 20 ደቂቃ፣ ከመኝታ ርቆ፣ ቋሚ ሰዓት ይስጡት። በሌላ ሰዓት ሲመጣ አንድ መስመር ጽፈው ለዚያ ሰዓት ያቆዩት። ሰዓቱ ሲደርስ ነገ የሚሠራ ነገር ያለውንና «ቢሆንስ» ብቻ የሆነውን ለዩ፤ ለመጀመሪያው ቀኑንና የመጀመሪያውን እርምጃ ይጻፉ፣ ሁለተኛውን በዚያ ቀን ይተዉት።

ስብሰባ ላይ ልብ ሲመታና ጣት ሲደነዝዝ አብዛኛውን ጊዜ ፈጥኖ ከመተንፈስ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስም ይቀላል። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። ይህን ተረጋግተው ባሉበት ጊዜ በቀን ሁለቴ ለ5 ደቂቃ ካልተለማመዱት በጭንቅ ሰዓት አይመጣም። የድንጋጤው ማዕበል በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል፤ ከክፍሉ ሳይወጡ ከቆዩ መውረዱን ራስዎ ያዩታል።

ከአለቃዎ ጋር በሳምንት 15 ደቂቃ ይጠይቁ፤ በዚህ ሳምንት ከእርስዎ የሚጠበቁትን ሦስት ዋና ነገሮች በጽሑፍ ያግኙ። የአዲስ ሠራተኛ ጭንቀት ትልቁ ክፍል የሚጠበቅበትን ባለማወቅ ላይ የቆመ ስለሆነ ይህ ብቻውን ብዙ ያቀላል።

ወደ ክሊኒኩም መልሰው ይደውሉ። «ሰው ቢሰርዝ በአጭር ጊዜ መምጣት እችላለሁ» ብለው የሚመችዎትን ቀንና ሰዓት ያስመዝግቡ፤ በየሁለት ሳምንቱም ሰኞ ጠዋት ደውለው ክፍት ቦታ ይጠይቁ። ሁኔታዎ ከተመዘገቡበት ቀን ይልቅ ከባሰ ያንንም ይንገሯቸው፤ ብዙ ቦታ ተራው በክብደት ይታያል።